ገመና ሰሚዎች፦ የትዳር ሽምግልናና የቤተሰብ ምክር ሙያ በአዲስ አበባ ዙሪያ

የትዳርና የቤተሰብ ምክር ከሌላው የሥነ ልቦና ሕክምና የሚለየው በታካሚው ነው፤ የሚታከመው ግንኙነት እንጂ አንድ ሰው አይደለም። ባለሙያው ባልና ሚስትን፣ ወላጅና ልጅን፣ አንዳንዴም አማትና ምራትን አብሮ አስቀምጦ በመካከላቸው የሚመላለሰውን ይመለከታል። በኢትዮጵያ ሙያው በዚህ መልኩ መታወቅ ከጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነውም። ሥራው ግን ከሙያው ይቀድማል። የተናጋ ትዳርን ገመና ሰምቶ የሚያስታርቅ ሰው በአገሩ ጠፍቶ አያውቅም። በየዘመኑ የተለወጠው ሰሚው ማን እንደሆነ፣ የሰማውን የት እንደሚያደርሰውና ቃሉ በምን እንደሚጸና ነው። የሽማግሌ ቃል የሚጸናው በዋስና በሰው ፊት ነው፤ የአማካሪ ቃል የሚጸናው በምስጢር። የዚህ ሥራ ታሪክ በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ጉዞ ነው፤ ጉዞውም ገና አላለቀም።

አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች ይህን በቅርበት ለማየት ይመቻሉ። ለገጣፎ በደሴ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ናቸው፤ ሁሉም የዋና ከተማዋ በሮች ናቸው። አገሩ የቱለማ ኦሮሞ ገበሬ አገር ነው፤ የለገጣፎ ስም ራሱ «ለገ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል፣ ማለትም ከወንዝ፣ የመጣ ነው። በየመንገዱ ደግሞ ከሰሜን፣ ከምዕራብና ከደቡብ የመጣ ሰው ሲሰፍር ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. ከተሞቹ ሸገር ከተማ በሚባል አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ፣ የእርሻ መንደሩም፣ በአጥር የተከለለው የሪል እስቴት ሰፈርም፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚከራየው ግቢም በአንድ ላይ ገቡ። በመሆኑም በሽማግሌ የሚታረቅ ገበሬ፣ ነፍስ አባቱን የሚጠራ ነጋዴና የምክር ቢሮ ደጃፍ የሚረግጥ የባንክ ሠራተኛ በአንድ አካባቢ ይኖራሉ።

በአማራው ባህል የትዳር ሽምግልና የሚወለደው በሠርጉ ቀን ነው። በሰማንያ ጋብቻ ሁለቱም ወገኖች ምስክርና ዋስ ይጠሩ ነበር፤ ቃል ኪዳኑ በሽማግሌዎች ፊት ይነበብ፣ በንጉሡም ስም ይማልበት ነበር። አንደኛው ሚዜ ደግሞ ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም ለመሆን ቃል ይገባል፤ ባሏ ቢበድላት ቀድማ የምትጠራው እሱን ነው። ጠብ ሲመጣ ታዲያ አስታራቂ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም፤ ጋብቻውን ያቆሙት ሰዎች ራሳቸው ተመልሰው ይቀመጣሉ። ዋሱ የተጠራው ለዚያ ቀን ነበርና። ይህ ሐሳብ ዘመናትን ተሻግሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ሳይቀር ቦታ አግኝቷል።

የሽምግልናው አካሄድ በደንብ ሊታይ ይገባዋል። ያኮረፈች ሚስት ወላጆቿ ቤት ትገባለች፤ ባል ጥቂት ቀን ቆይቶ ሽማግሌ ይልካል። የሚላኩት ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አምስት ናቸው። በመጡበት ዕለት «እሺ» አይባሉም፤ ደጅ መጽናታቸው ለልጅቱ ወገን የክብር ምልክት ነው። ጉባኤው ሲቀመጥ አንጋፋው ይመርቃል። ቀጥሎ ተበዳይ ነኝ የሚለው ወገን ይናገራል፤ ሌላው አያቋርጥም፤ ካቋረጠ ይገሠጻል። ሁለቱም ሲጨርሱ ገለል ይደረጉና ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ይመክራሉ። ከዚያ አንዱ ወደ ሚስት፣ ሌላው ወደ ባል ይሄድና በሰው ፊት ያልወጣውን ነገር ቀስ ብሎ ይጠይቃል። የጠቡ ሥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ወሬ ነው። ጥፋቱ የከበደበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ይወድቃል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲባል ድንጋዩ ይወርዳል። በመጨረሻ ዋስ ይጠራል፤ ደግሞ ያጠፋ እንደሆነ የሚከፍለውም ይቆረጣል።

ተራ ጠብቆ መናገር፣ ሳያቋርጡ መስማት፣ ተጋጪዎችን አንድ ላይም ለየብቻም ማነጋገር፤ እነዚህ ሁሉ ዛሬ በምክር ክፍል ውስጥ እንደ ዘዴ የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው። ሽማግሌው ከአማካሪው የሚለየው በሌላ ነው። ሽማግሌ ይፈርዳል፤ ጥፋቱን ለይቶ ለባለቤቱ ይሰጣል። ግቡም አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ ትዳሩ እንዲቆይ። የተናገሩት ቃልም በዋሱ፣ በዘመዱና በጎረቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ ባልየው ቃሉን የሚጠብቀው ሰው ስለሚያውቀው ጭምር ነው።

በከተሞቹ ዙሪያ ባለው የኦሮሞ ገበሬ ዘንድ የዚህ አቻ ጃርሱማ ነው። ጃርሳ ማለት ሽማግሌ ሲሆን የሽምግልናው ፍሬ አራራ ይባላል፤ እርቅ ማለት ነው። እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት ሆኖ ይያዛል፤ ጉዳዩ በምርቃት ተከፍቶ በምርቃት ይዘጋል። ሴቲቱ ደግሞ ሌላ ጉልበት ነበራት። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ባህሉ በተለይ በአርሲና በጉጂ ጸንቶ እንደቆየው፣ ሚስት ስትደበደብ ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰማች ሴት ሁሉ ሥራዋን ትታ በትሯን ይዛ ትወጣለች። ሴቶቹ አጥፊው ክሶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ወደየቤታቸው አይመለሱም። ከብቱ ሳይታለብ፣ ምድጃው ሳይነድ የሚቆይበት መንደር ወንዶቹ ራሳቸው አጥፊውን ወደ እርቅ እንዲገፉት ያስገድዳል። ስለ አገር በቀል እርቅ ሲወራ የወንድ ሽማግሌዎች ጉባኤ ብቻ መነሣቱ ትልቅ ጉድለት ነው። ሲንቄ የሚያሳየው ሴቶች ተሰብስበው የትዳርን ጠብ የሚዳኙበት ሥርዓት መኖሩን ነው።

ምስጢር ግን በባህሉ ውስጥ ጨርሶ አልታጣም ነበር። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነፍስ አባት የባልንም የሚስትንም ንስሐ ይሰማል፤ የሰማውን ማውጣት አይፈቀድለትም። የቤቱን ገመና ሁለቱንም ወገን ሰምቶ የሚያውቅ፣ ግን የማይናገር ሰው ስለሆነ፣ ከሽማግሌው ይልቅ ለዛሬው አማካሪ የሚቀርበው እሱ ነው። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ ከባል ቤተሰብ አንድ፣ ከሚስት ቤተሰብ አንድ ዳኛ እንዲላክ ያዛል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም ፍቺ ከመወሰናቸው በፊት ይህን የእርቅ መንገድ ይጠቀሙበታል።

ይህ ሁሉ አስታራቂ እያለ ትዳሩ ይጸና ነበር ወይ? ቁጥሩ ሌላ ይናገራል። ዳና ቲልሰንና ኡላ ላርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. የተካሄደውን ብሔራዊ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት መረጃ መርምረው፣ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቃ፣ ከተፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱት ባገቡ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እንደሆነ አሳይተዋል። ልጅነት ሳያልቅ መዳርና ልጅ አለመውለድ ለፍቺ የሚያጋልጡ ምክንያቶች ሆነው ተገኝተዋል። ፍቺ ዘመናይነት ያመጣው ነገር ነው የሚለው የተለመደ አባባል በዚህ ፊት አይቆምም። ሽምግልናው ጠቡን ያበርድ ነበር፤ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ የተዳረችውን ልጅ ግን ካልመረጠችው ባል ጋር ሊያዋድዳት አይችልም ነበር።

በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሽምግልናውን ወደ ሕግ አስገባው። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ከአውሮፓ ሕጎች ብዙ ቢወስዱም፣ የባልና ሚስትን ክርክር የመስማቱንና ፍቺን የመወሰኑን ሥልጣን የሰጡት ለቤተ ዘመድ ዳኞች ነበር። እነዚህ ዳኞች ብዙውን ጊዜ በጋብቻው ላይ በምስክርነት የተገኙት ሰዎች ናቸው። የፍርድ ቤቱ ድርሻ ጠባብ ነበር፤ በዳኞቹ ውሳኔ ላይ ጉቦ፣ ማታለል ወይም ግልጽ ሕገ ወጥነት ታየ ሲባል ይገባል። በጥፋተኝነት የተፈረደበት ወገን ከንብረቱ ሊቀነስበትም ይችል ነበር።

ሐሳቡ ለባህሉ ቅርብ ነበር፤ በከተማ ግን ነገሩ ተበላሸ። በገጠር ምስክሩ ከሁለቱም ወገን ጋር ውሎ የሚያድር ጎረቤት ነው፤ ቢያዳላ ነገ ገበያ ላይ ይወቀሳል። በአዲስ አበባ ምስክሩ የባል የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል፤ ሚስቲቱን ከሠርጉ በኋላ አይቷት አያውቅ ይሆናል። ዳኞቹ ሳይሰበሰቡ ወር ሲያልፍ፣ ፋይሉ ሲንከባለል፣ ሴቲቱ ቀለብ ሳታገኝ ትቆያለች። ሕጉ ራሱ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ስለደነገገ «ታገሽ» የሚለው ምክር ሕጋዊ ድጋፍ ነበረው። ዋሱ ከሰፈሩ ሲነቀል የሽምግልናው ጉልበትም አብሮ ተነቀለ። ለምክር ሙያ ቦታ የከፈተው ይህ ክፍተት ነው።

በሌላው ዓለም ሙያው የተወለደው በዚያው በሃያኛው መቶ ዘመን ነው። በጀርመን የጋብቻ ምክር ጣቢያዎች በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ተከፈቱ፤ በአሜሪካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ፣ በኒው ዮርክና በፊላደልፊያ ተከተሉ። በብሪታንያ የጋብቻ መመሪያ ምክር ቤት በ1938 እ.ኤ.አ. ቆመ፤ የአሜሪካ የጋብቻ አማካሪዎች ማኅበር በ1942 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹ አማካሪዎች ሐኪሞች፣ ቄሶችና መምህራን ነበሩ፤ ምክሩ የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ነበር። ሙያውን ወደ ሳይንስ ያቀረበው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው የቤተሰብ ሕክምና አስተሳሰብ ነው። ግሪጎሪ ቤትሰንና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ በሽተኛውን ለብቻው ከመመርመር ይልቅ በቤተሰቡ ውስጥ ያለውን ንግግር መመርመር እንደሚገባ ተከራከሩ። ቨርጂኒያ ሳቲር ቤተሰቡን በአንድ ክፍል አብሮ ማከምን በ1964 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አስተማረች፤ ሳልቫዶር ሚኑቺን በ1967 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር የድኾች መንደር ቤተሰቦችን ያጠናበትን መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ጊዜ ካሊፎርኒያ በ1963 እ.ኤ.አ. ለጋብቻ አማካሪዎች ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ ዛሬ ሃምሳዎቹም ግዛቶች ይሰጣሉ።

ሙያው ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በሌላ በር ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቀጠለ። ቤት ለቤት ሄዶ የቤተሰብን ችግር መመዝገብና ለመፍትሔው አብሮ መሥራት እንደ ሙያ የተሰጠው እዚያ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ተቋቋመ። ዋና ሥራው የወሊድ ምጣኔ ቢሆንም ባልና ሚስት ስለ አልጋቸው ጉዳይ ለማያውቁት ባለሙያ የሚናገሩበት ክፍል ከፈተ፤ ይህም ቀላል ነገር አልነበረም። አብዮቱ ሲመጣ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ፤ ትምህርቱ ከሶሺዮሎጂ ጋር ተደባለቀ። የሰፈር ጠብ ወደ ቀበሌ የፍርድ ሸንጎ ሄደ፤ በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርም የሴቶችን አቤቱታ የሚሰማ ደጅ ሆነ። ለሠላሳ ዓመት ገደማ አገሪቱ የቤተሰብ ሠራተኛ በዲግሪ ደረጃ ራሱን ችሎ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበራትም። የሙያው ኋላ መቅረት ሲነሣ ይህ ክፍተት መረሳት የለበትም፤ የጎደለው ወግ አይደለም፤ የወግን ዕውቀት የሚያስቀጥል ትምህርት ቤት ነው።

«ካውንስሊንግ» የሚለውን ቃል ወደ ሕዝቡ አፍ ያስገባው ኤች አይ ቪ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የምክርና የፈቃደኝነት ምርመራ ጣቢያዎች በየጤና ጣቢያው ሲከፈቱ ነርሶችና ጤና ረዳቶች በአጭር ሥልጠና አማካሪ ሆኑ። አብያተ ክርስቲያናትም ሊጋቡ የሚመጡ እጮኞችን የምርመራ ወረቀት ይጠይቁ ጀመር። ከባድ የነበረው ውጤታቸው የተለያየ ጥንዶችን ማነጋገር ነው፤ አንዱ ነፃ፣ አንዱ ቫይረሱ በደሙ ያለበት። በሩ ተዘግቶ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ «ማን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት ስለ ነገ የማነጋገር ጥበብ በእነዚያ ትንንሽ ክፍሎች ተለመደ። በክፍሉ የተነገረ ከክፍሉ አይወጣም የሚለው ደንብ በብዙኃኑ ዘንድ የታመነው ያኔ ነው። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ብዙዎቹ ትዳሮች ቀጥለዋል፤ ልጅም ወልደዋል።

ሕጉ የተለወጠው በዚሁ ዘመን ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል በብርቱ ተሟገተ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጣ። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ፤ የባል የበላይነት ቀረ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። ሽምግልናው ግን አልተሻረም። ዳኛው የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብለት ተጋቢዎቹን ለየብቻም አብሮም ያነጋግራል፤ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ መንገድ ይሰጣል፤ ካልሆነም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህ አዋጅ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባው ኮተቤ የሚኖሩ ባልና ሚስት በፌዴራሉ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ለገጣፎ የሚኖሩት በኦሮሚያው ሕግ ይዳኛሉ። በአካባቢው የሚሠራ አማካሪ ሁለቱንም ማወቅ ይኖርበታል።

የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ተመለሰ። የምክር ሥነ ልቦና በዚያው ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ይሰጣል፤ በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በየክልሉ ብዙ ናቸው። የትዳርና የቤተሰብ ሕክምና ግን እንደ አሜሪካ ራሱን የቻለ የሙያ ፈቃድ ሆኖ አልቆመም። ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ከሦስት መንገድ በአንዱ ይመጣል፤ ከሥነ ልቦና፣ ከማኅበራዊ ሥራ ወይም ከሥነ መለኮት። የመጀመሪያው የሰውን ውስጥ፣ ሁለተኛው የኑሮውን ሁኔታ፣ ሦስተኛው የቃል ኪዳኑን ትርጉም ቀድሞ ያያል፤ አንዱ ሌላውን ሳይማር ሲቀር ጉድለቱ በሥራው ላይ ይታያል።

ከትምህርቱ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ እንግዳ የማይሆን አንድ ነገር አለ። ጄኖግራም የሚባለው የቤተሰብ ካርታ ወንድን በአራት ማዕዘን፣ ሴትን በክብ፣ ጋብቻን በመስመር እየሳለ ቢያንስ ሦስት ትውልድ ይዘረዝራል፤ የተቆረጠ መስመር ፍቺን፣ ዚግዛግ መስመር ጠብን ያሳያል። ይህን ለመሙላት በሌላ አገር ደንበኛው ዘመዱን ደውሎ ይጠይቃል። እዚህ ግን ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠር የተለመደ ስለሆነ አያት ቅድመ አያት በአፍ ይመጣል። ከስሙ ባሻገር ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደሞተ፣ የማን ርስት ለማን እንደተላለፈ፣ የትኛዋ አክስት ሦስት ጊዜ እንዳገባች አብሮ ይወጣል። ለአማካሪው ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ሌላው ዋና ትምህርት ጠብን እንደ ዑደት ማየት ነው። ሚስት ታኮርፋለች፤ ባል ኩርፊያውን ሽሽት አምሽቶ ይገባል፤ ማምሸቱ ኩርፊያዋን ያከብደዋል፤ ኩርፊያዋ ደግሞ ያስመሸዋል። ሽማግሌ «ማን ጀመረ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አማካሪው ምን እንደሚያስቀጥለው ይጠይቃል። ኩርፊያ በአገሩ ባህል ዝምታ ብቻ አይደለም፤ «ና ለምነኝ» የሚል ጥሪም ነው። የውጭ መጻሕፍት ዝምታን መሸሽ አድርገው ስለሚያስተምሩ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ልዩነት ራሱ መለየት ይኖርበታል።

ዱላ ያለበት ቤት ግን በዑደት አይተረጎምም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው፣ 63 በመቶ ሴቶች ደግሞ ባል ሚስቱን ቢመታ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለው እንደሚያምኑ መዝግቧል። በጥቃት ውስጥ ያለችን ሴት ከበዳዩ ጋር አብሮ አስቀምጦ «ተነጋገሩ» ማለት ማታ ቤት ስትገባ ለሌላ ዱላ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ አስቀድሞ ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቃል፤ አደጋ ካየ ወደ መጠለያ፣ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ይመራል። ከአገር በቀሉ ሽምግልና በኩል መታረም ያለበት ትልቁ ነገርም ይኸው ነው፤ «ታገሽ» የሚለው ቃል የስንት ሴት ሕይወት እንደበላ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም።

ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ሥራ የሚያገኘው በተለያየ ስም ነው። በሆስፒታል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በፍርድ ቤት ስለ ልጅ አሳዳጊነት አጥንቶ አስተያየት የሚያቀርብ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ባለሙያ፣ በትምህርት ቤት አማካሪ ይባላል። ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች መጠለያዎች፣ ለምሳሌ በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር፣ አማካሪ ይቀጥራሉ። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የሚሰጥ ትምህርት የተለመደ ስለሆነ በዚያ በኩል የሚያገለግሉ ብዙ ናቸው። የኤፍ ኤም ሬዲዮ የቤተሰብ ፕሮግራሞች ሙያውን አስተዋውቀዋል፤ ሆኖም በአየር ላይ የሚሰጥ መልስና ከተዘጋ በር ጀርባ ለወራት የሚካሄድ ሥራ አንድ አይደሉም። የግል የምክር ቢሮዎች የተከማቹት በአዲስ አበባ መሃል ነው፤ የሱሉልታ ወይም የቡራዩ ሰው ለአንድ ሰዓት ምክር የግማሽ ቀን ሥራ ይተዋል። በወጣት ባለሙያዎች ላይ ከሁሉ የሚከብደው ልምድ ያለው ሰው ሥራቸውን የሚገመግምበት ሥርዓት ማነሱ ነው። በአሜሪካ ማስተርስ የጨረሰ ሰው በተቆጣጣሪ ባለሙያ ሥር ብዙ ሰዓት ሳይሠራና ፈተና ሳያልፍ ፈቃድ አይሰጠውም፤ በካሊፎርኒያ ሰዓቱ 3000 ነው። በዚያ መንገድ አልፈው ፈቃድ የያዙ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን አካባቢና በካሊፎርኒያ ለወገናቸው በአማርኛ ይሠራሉ።

በእስራኤል የተሞከረው ደግሞ ሌላ ነው። በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደዚያ የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ሄዱ። አዲሱ ኑሮ የባልንና የሚስትን ቦታ ሲያናጋው፣ ሚስቶቻቸውን የሚገድሉ ባሎች ሲበዙ፣ የእስራኤል የማኅበራዊ አገልግሎት ሰዎች ብቻቸውን ሊደርሱበት አልቻሉም፤ «ሽማግሎች» ብለው የሚጠሯቸው አረጋውያን ከማኅበራዊ ሠራተኞች ጋር እንዲሠሩ ተደረገ። ሽማግሌው ባልየውን በሚያውቀው ቋንቋና ክብር ያናግረዋል፤ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ የሴቲቱን ደኅንነት ትከታተላለች። ዋስና ምስጢር በአንድ ሥራ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች የሚመጡት ጠቦች የአካባቢውን ታሪክ ይከተላሉ። ከተማው ሲሰፋ ገበሬው መሬቱን ለቆ ካሳ ተቀበለ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳው በዓመታዊ ገቢው አማካይ ዐሥር እጥፍ ይሰላ ነበር፤ ዓመት በዓመት ከእርሻ ይመጣ የነበረው በአንድ ቀን በባንክ ደብተር ገባ። ደብተሩ በማን ስም ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ትዳር ይፈተናል፤ ባል መኪና ሲል ሚስት ቤት ትላለች፤ ልጆች ድርሻ ይጠይቃሉ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ቤቶች ሲፈርሱ ደግሞ ሰው ከቤቱ ጋር እድሩንና ጎረቤቱን፣ ማለትም የራሱን ሽማግሌዎች፣ አጣ። ወደ አረብ አገር ሄዳ የላከችው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ የምትጠይቅ ሚስት፣ በሰበታ ፋብሪካ ሌሊት የምትሠራና ባሏ ቀን የሚሠራ ሴት፣ በሪል እስቴት ቤት ውስጥ ከውጭ ሲመለስ እንግዳ የሆነ ባል፣ እያንዳንዳቸው ሌላ ዓይነት ሰሚ ይፈልጋሉ። አንዱ ቤት አማርኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፣ ሌላው ጉራጊኛ ይናገራል፤ ሰው ደግሞ የሚቆጣውና የሚያለቅሰው በአፍ መፍቻው ነው። በእነዚህ ከተሞች ሁለት ቋንቋ የሚችል አማካሪ ተፈላጊነቱ በዚህ የተነሣ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ፤ እውቅናም ሰጣቸው። በተከራካሪዎች ፈቃድ ጉዳይ የሚያዩት አገር ሽማግሌዎች አሁን መዝገብና ችሎት አላቸው። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ በአዲስ አበባ በፍርድ ቤት ጥላ ሥር የሚካሄድ የማስማማት ሥርዓትን ደነገገ። የለገጣፎ ባልና ሚስት ዛሬ ከጃርሳ፣ ከነፍስ አባት ወይም ከኢማም፣ ከዳኛና ከአማካሪ መምረጥ ይችላሉ። ብዙዎቹ በቅደም ተከተል ሁሉንም ያንኳኳሉ፤ ከአማካሪው ዘንድ የሚደርሱት መጨረሻ ላይ ነው፤ ዋሱ ተጠርቶ፣ እርቁ ፈርሶ፣ በሰው ፊት ሊናገሩት ያልቻሉት አንድ ነገር ብቻ ሲቀራቸው።